አንጎል ቀድሞ ከተንቀሳቀሰ ሰው ለምን ይጠየቃል?

የክርክሩ መነሻ

ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ማለቱ የተለመደ ነው። ድርጊቱን አልካደም፤ «ያደረገው እጄ ቢሆንም ከእኔ ከራሴ የመነጨ አይደለም» እያለ ነው። ዛሬ ይኸው መከራከሪያ በሳይንስ ስም ይቀርባል። ውሳኔ የአንጎል ሥራ ከሆነ፣ አንጎልም በቀደሙ ምክንያቶች የሚመራ ከሆነ፣ ሰውን ማመስገንም ሆነ መውቀስ ትርጉሙ ምንድን ነው? ነጻ ፈቃድ የለም የሚሉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት አንድ ሙከራ ስላለ ከእሱ እንጀምር።

የሊቤት ሙከራ

አሜሪካዊው ተመራማሪ ቤንጃሚን ሊቤት ከባልደረቦቹ ጋር ሙከራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ተሳታፊው የአንጎሉን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግቡ ኤሌክትሮዶች ራሱ ላይ ተለጥፈውለት ይቀመጣል። የታዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደስ ባለህ ጊዜ እጅህን አንቀሳቅስ። ፊት ለፊቱ በ2.56 ሰከንድ አንድ ዙር የሚጨርስ የብርሃን ነጥብ እንደ ሰዓት ይሽከረከራል። «አሁን ላንቀሳቅስ» የሚለው ፍላጎት የመጣለት ነጥቡ የት ላይ ሳለ እንደሆነ በኋላ ይናገራል።

የአንጎሉ ዝግጅት ከእንቅስቃሴው 550 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ቀድሞ ሲጀምር ታየ። ሰውየው ፍላጎቱ ተሰማኝ የሚለው ግን 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲቀረው ነው። አንጎሉ ከእሱ በፊት መንገድ ጀምሯል ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ ይፈርዳል። ሊቤት ራሱ ግን ፍላጎቱ ከተሰማ በኋላም ድርጊቱን ለማስቆም ጊዜ እንደሚተርፍ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ተመራማሪው አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ ያ ቀድሞ የታየ የአንጎል ምልክት የተጠናቀቀ ውሳኔ ላይሆን እንደሚችል አሳዩ፤ አንጎል ውስጥ ዘወትር ያለው መዋዠቅ ተጠራቅሞ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስም ተመሳሳይ ምልክት ሊታይ ይችላል።

ለእኔ ግን ዋናው ነጥብ ሌላ ነው። ያ ተሳታፊ እጁን አሁንም አነቃነቀ ቆይቶም አነቃነቀ ምንም የሚመዝነው ነገር የለም። ውሳኔ የሚባለውን ነገር የወሰነው ቀደም ብሎ፣ በሙከራው ለመሳተፍ የተስማማ ጊዜ ነው። ብድር የሚክድ፣ ወይም የታመመ ጎረቤቱን የሚያስታምም ሰው ግን ያወጣል ያወርዳል፣ ያመነታል፣ ምክር ይጠይቃል። ይህን በግማሽ ሰከንድ መለኪያ ማግኘት አይቻልም።

«በንዴት በቅጽበት የሚማታውስ?» ብትሉ ተገቢ ጥያቄ ነው። አርስቶትል ሰክሮ ያጠፋን ሰው አስመልክቶ የሰጠው መልስ እዚህም ይሠራል፦ በሰከረ ሰዓት አእምሮው ባይሠራ እንኳ አለመስከር በእጁ ነበር። ለንዴቱ ልጓም ሳያበጅ የኖረ ሰውም እንደዚያው ነው።

ምክንያት ያለው ነገር ሁሉ ግዴታ ነውን?

ዴቪድ ሂዩምን የመሳሰሉ ፈላስፎች አይደለም ይላሉ። በእነሱ ዘንድ ነጻነት ምክንያት አልባ መሆን ሳይሆን ሌላ ሳያስገድድ በራስ ፍላጎት መሥራት ነው። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ ፍላጎቱንስ ማን ሰጠው ብለው ይጠይቃሉ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ፈላስፋው ፒተር ስትሮውሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ጥያቄውን በሌላ በኩል ያዘው። አንድ ሰው ሳያውቅ እጃችሁን ቢረግጥና ሌላው በንቀት ቢረግጥ ሕመሙ እኩል ሊሆን ይችላል፤ ቅሬታችሁ ግን እኩል አይሆንም። ቅሬታ የሚመለከተው ሰውየው ለእኛ ያለውን አሳብ ነው። ይህን ለማወቅ የዓለምን የምክንያት ሰንሰለት መጨረስ አያስፈልገንም።

የሕጉ መለኪያ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ተከሳሹ የአንጎሉ ሥራ ምክንያት እንደነበረው አይጠይቅም። በአንቀጽ 48 መሠረት በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በመሰል ምክንያት ድርጊቱን ወይም ውጤቱን መረዳት ያልቻለ፣ ወይም ተረድቶም ራሱን መግታት ያልቻለ ሰው ኃላፊ አይሆንም። ችሎታው በከፊል ብቻ ለጎደለው አንቀጽ 49 ቅጣት ይቀንሳል። ወንጀል ለመሥራት ብሎ ሆን ብሎ የሰከረ ሰው ግን ስካሩን መከላከያ ማድረግ አይችልም።

እኔ የማምነው በዚህ መለኪያ ነው። መረዳትና ራስን መግታት ከሰው ሰው የሚለያዩ፣ በሕመም የሚዳከሙ፣ በአስተዳደግ የሚጎለብቱ ችሎታዎች ናቸው። ስለዚህም ሕጉ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በወንጀል አይጠይቅም፤ ሕፃኑ ሲያጠፋ ተገቢውን እርምጃ እንዲወስዱ የሚጠራቸው ቤተሰቡን፣ ትምህርት ቤቱን ወይም አሳዳሪውን ነው።