ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፦ ለቤተሰብ የተጻፈ ማሳሰቢያ

አባቴ 26 ዓመት ሙሉ ወፍጮ ቤት ሠርቷል። ማታ ሲገባ እስከ ሽፋሽፍቱ ዱቄት ለብሶ ነው። ስንጠራው ዝም ሲል እኛ ልጆቹ "ደክሞት ነው" እንላለን፤ እናቴ ግን "እኔ ስናገር ጆሮ ዳባ ልበስ ነው" እያለች ታዝን ነበር። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ወንድሟ ላሚቱን እንደሸጠ ነገረችው። "ለማን ሰጠ?" አላት። "ሸጠ ነው የምልህ!" ብትለውም "እኮ፣ ለማን ሰጠ?" ብሎ ደገመው። የሚያሾፍባት መስሏት ተቆጣች፤ ያን ቀን በቤታችን ቡና ሳይፈላ ዋለ።

ነገሩ የገባን ከዓመታት በኋላ ነው። "ሸጠ" እና "ሰጠ" የሚለያዩት በአንዲት ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው። ጩኸትም ሆነ እርጅና ጆሮን ሲጎዳ አስቀድሞ የሚወስደው እነዚህን ቀጫጭን ድምፆች ነው፦ ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት። ወፍራሞቹ ስለሚቀሩ ሰውየው ድምፅ መኖሩን ይሰማል፤ ቃሉ ግን ያመልጠዋል። ስለዚህም "አልሰማም" አይልም። "እናንተ ናችሁ የምታጉተመትሙት" ይላል፤ ሲልም ከልቡ ነው።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" የሚባለው ስለ ሐሜት ቢሆንም፣ ለዚህ ጉዳይም ልክክ ያለ ነው። መስማት የሚቀንሰው በአንድ ሌሊት ሳይሆን በዓመታት ነው፤ ባለቤቱም ሳያውቀው ይለምደዋል። መጀመሪያ የሚያውቁት አብረውት የሚበሉት፣ የሚሠሩት፣ የሚማሩት ናቸው። ይህን ማሳሰቢያ የጻፍኩትም ለእናንተ ነው።

በውስጠኛው ጆሮ፣ ቀንድ አውጣ በመሰለችው ክፍል ውስጥ፣ 15 ሺህ ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ድምፅን ወደ አንጎል የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። በሰው ጆሮ ውስጥ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በተወሰነ ደረጃ መስማት እንደሚቸገሩ፣ ከነዚህ ውስጥ 430 ሚሊዮን የሚሆኑት እርዳታ እንደሚያሻቸው ገልጿል። በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶው ሊከላከሉት የሚቻል ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው።

እነዚህን ምልክቶች ስታዩ ዝም አትበሉ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከወር ወር ከፍ ይላል። ስልክ ሲደወል ሁልጊዜ አንዱን ጆሮ ብቻ ይሰጣል። ሁለት ሆናችሁ ስታወሩ ደህና ነው፤ ለቅሶ ቤት ወይም ማኅበር ላይ ግን፣ ብዙ ሰው ሲያወራ፣ ዝም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ወንዶች ሲናገሩ ይሰማል፤ የሕፃናትና የሴቶች ድምፅ ያስቸግረዋል። አባቴ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሰዓታት ሲያወጋ ይውልና የልጅ ልጁ ስታናግረው "ምን አለች?" ይለን ነበር። "ወንድሙን ይሰማል፣ እኛን ሲሆን ነው" ብለን ፈረድንበት። በዚያ ፍርድ እስከ ዛሬ አዝናለሁ። ጆሮው ውስጥ የሚያፏጭበት፣ የሚጮኽበት ሰውም አለ። "ስሜን ያነሳ ሰው አለ" ብለን የምናልፈው ጩኸት ቀናትና ሳምንታት ከቆየ መመርመር አለበት።

ልጅን ሰነፍ፣ ፈዛዛ፣ እልኸኛ ከማለታችሁ በፊት ጆሮውን አስመርምሩ። አራስ ልጅ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል። 6 ወር ገደማ ሲሆነው ድምፅ ወደመጣበት ይዞራል። ዓመት ሲሞላው "እማ"፣ "አባ" ማለት ይጀምራል። ይህ ሳይሆን ሲቀር ጎረቤት "አንዳንድ ልጅ አፉን ዘግይቶ ነው የሚፈታ" ብሎ ያጽናናል። ማጽናናቱ መልካም ነው፤ ምርመራውን ግን ለነገ አያሳድር፤ ቋንቋ የሚተከለው በነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ነውና። መምህራንም ልብ በሉ፦ ፊታችሁን ስታዞሩለት የሚመልስ፣ ወደ ሰሌዳው ዞራችሁ ስታነቡ ግን የጎረቤቱን ደብተር የሚያይ ተማሪ ቃለ ጽሕፈት ያቃተው በስንፍና ላይሆን ይችላል። ፊት ወንበር አስቀምጡት፤ ወላጁንም ጥሩ። ጨርሶ የማይሰማ ልጅ ከሆነ ደግሞ ቤት አትደብቁት፤ የምልክት ቋንቋ በጊዜ ይማር፤ እናንተም አብራችሁት ተማሩ። ዛሬ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ነው። "ደንቆሮ" የሚለውን ቃልም ከቤታችሁ አስወጡ።

የሚመግል ጆሮን "ሲያድግ ይተወዋል" አትበሉ። በአገራችን በየሰፈሩ ጆሮው የሚፈስ፣ ትራሱ የሚቆሽሽ፣ አጠገቡ ለመቀመጥ እኩዮቹ የሚጸየፉት ልጅ አለ። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚፈስ ጆሮ ታምቡሩ ተበስቶ ሊሆን ይችላል፤ ሳይታከም በቆየ ቁጥር በመሐል ጆሮ ያሉትን ትንንሽ አጥንቶች ይበላል፣ አልፎም ወደ አንጎል ሊደርስ ይችላል። የሞቀ ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂ፣ የጡት ወተት አታንጠብጥቡበት። ወንዝ ሲወርድም ሆነ ሲታጠብ ውኃ እንዳይገባበት ጠብቁት፤ በጠብታ መድኃኒት የሚድነው ብዙ ነውና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከጆሮው በስተኋላ አብጦ ጆሮው ወደ ፊት የተገፋ፣ ትኩሳት ያለው ልጅ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

በጆሮ ውስጥ ክብሪት፣ የፀጉር ሽቦ፣ የቁልፍ ጫፍ፣ የእስክሪብቶ ክዳን አይግባ። ኩክ ቆሻሻ አይደለም፤ የጆሮ ቆዳ መጠበቂያ ነው፣ በራሱም ጊዜ ወደ ውጭ ይወጣል። ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ኩኩን ወደ ውስጥ መጠቅጠቅ ነው። ኩክ ጠጥሮ መስማት ከከለከለ ባለሙያ ያወጣዋል፤ ከመስማት ችግሮች ሁሉ በቀላሉ የሚፈታው ይኸኛው ነው። ልጅ ሽምብራ ወይም ባቄላ ከከተተ ውኃ አታፍስሱ፤ እህሉ ያብጥና ይጣበቃል። የሰዓት ወይም የመጫወቻ ክብ ባትሪ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሥጋ ያቃጥላልና ሌሊትም ቢሆን ሩጡ።

ጆሮ ግንድ አትምቱ። በወላጅም በመምህርም እጅ፣ በባልና ሚስት ጠብም፣ "ጆሮ ግንዱን አቀመሰው" ሲባል እንደ ቀላል ቅጣት ይነገራል። መዳፍ ጆሮን ከድኖ ሲመታ በቦዩ ውስጥ የታመቀው አየር ታምቡሩን ሊበሳው ይችላል። ትንሽ ቀዳዳ በሳምንታት ሊደፈን ይችላል፤ ትልቁ ግን ላይደፈን ይችላል። በጥፊ ጆሮው የደማ ልጅ ታቅፋችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ እንዴት እንደሆነ እውነቱን ተናገሩ።

ክትባት አታስቀሩ። ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍ፣ ማጅራት ገትር መስማትን ይዘው ከሚሄዱ በሽታዎች ናቸው። ኢትዮጵያ የማጅራት ገትር ቀበቶ በሚባለው የአፍሪካ ክፍል ውስጥ ትገኛለች። ከማጅራት ገትር የተረፈ ሰው ሁሉ፣ ደህና ቢመስልም እንኳ፣ ከሆስፒታል ሳይወጣ ጆሮው ይመርመርለት። ሕፃን ሲወለድ ወይም ከተወለደ በኋላ በጣም ቢጫ ከሆነም "ፀሐይ ይሙቅ" ብቻ ብላችሁ አትቀመጡ፤ ያልታከመ ብርቱ ቢጫነት የመስማት ነርቭን ይጎዳል።

"መርፌ ይሻለኛል" ብላችሁ ከመድኃኒት ቤት መርፌ አታስወጉ። ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ አሚካሲን ሕይወት የሚያድኑ መድኃኒቶች ናቸው፤ ነገር ግን እነዚያኑ የማይተኩትን ሕዋሳት ሊገድሉ ይችላሉ። ስለዚህ መጠኑንና ቀኑን ሐኪም ይወስን። መድኃኒቱን እየወሰደ ጆሮው የሚጮኽበት ወይም ሲራመድ የሚያንገዳግደው ታማሚ ወዲያውኑ ለሐኪሙ ይናገር። በራሱ ፈቃድ ግን አያቋርጥ፤ በተለይ የቲቢ ታማሚ።

ከጩኸት ጋር ያላችሁን ሰዓት ቁጠሩ። በአንድ ክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ግድ ከሆነ ቦታው ጆሮ የሚጎዳ ነው። መለኪያ መሣሪያ አያሻችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 80 ዴሲቤል ድምፅን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መስማት ይቻላል፤ 90 ከሆነ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። ወፍጮ ቤት የሚሠራ፣ ብረታ ብረት ቤት ግራይንደር የሚይዝ ልጅ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ያለች ሠራተኛ ይህን ሰዓት በግማሽ ቀን ይጨርሱታል። አባቴ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይወትፍ ነበር፤ ጥጥ ዱቄቱን እንጂ ጩኸቱን ብዙም አይከለክልም። የሚሠራው በልክ የተሠራ የጆሮ መድፈኛ ወይም ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከድን መከላከያ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ መከላከያ እንዲሰጥ፣ ሠራተኛውም እንዲጠቀምበት ያስገድዳል። መጠየቅ ልመና አይደለም። ሰርግ ላይ ደግሞ ሕፃናቱ ሁልጊዜ የሚጨፍሩት ከሞንታርቦው ፊት ነው፤ እባካችሁ አንሷቸው። ኢርፎን የሚጠቀሙ ወጣቶች ድምፁን ከ60 በመቶ አታሳልፉ፤ ተሰክቶ መተኛትም ይቅር።

መስማት በአንድ ጆሮ ድንገት ከጠፋ፣ ጠዋት ስትነሱ አንዱ ጆሮ የተደፈነ ከሆነ፣ "ብርድ መትቶኝ ነው፣ ይለቀኛል" አትበሉ። ይህ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ወር ጠብቆ የመጣ ሰው ሐኪሙም ብዙ ሊያደርግለት አይችልም።

የመስሚያ መሣሪያን እንደ መነጽር ቁጠሩት። በአሜሪካ ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዋቂዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ መሣሪያዎች ስለተፈቀዱ፣ ለወላጅ ገዝቶ የሚልክ ልጅ በዝቷል። መላኩ ደግ ነው። ሆኖም እነዚህ መሣሪያዎች የተፈቀዱት መጠነኛ ችግር ላለባቸው አዋቂዎች ብቻ ነው፤ ለልጅ አይሆኑም፤ ኩክ ለደፈነው ወይም ለሚመግል ጆሮም አይረዱም። አስቀድሞ ጆሮው ይታይ። መሣሪያው በገባ ቀን የሳህን ኳኳታ ሁሉ ይረብሻል፤ ለመልመድ ሳምንታት ይፈጃል። ብዙ አባቶች በሦስተኛው ቀን አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ በዚያ ሳምንት ነው ቤተሰብ አጠገባቸው መቀመጥ ያለበት።

ስትነጋገሩ አትጩኹ፤ ጩኸት የፊትን ገጽታም ቃሉንም ያበላሻል። ፊታችሁን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ፣ ዝግ ብላችሁ፣ ከተለመደው ጥቂት ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ተናገሩ። ካልገባው ያንኑ ቃል አሥር ጊዜ አትድገሙ፤ በሌላ ቃል ለውጡት። "ሸጠ" ካልገባው "ገንዘብ ተቀበለበት" በሉት። ከሁሉም በላይ "ተወው፣ ምንም አይደል" አትበሉ። ሁሉም የሳቀበትን ነገር ጠይቆ "ተወው" የተባለ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም። ከዚያ ዕድር መቅረት ይጀምራል፣ ቀጥሎ ማኅበር፣ ቀጥሎ ከሳሎን ቀርቶ መኝታ ቤት። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን የመስማት ችግርን የመርሳት በሽታን ከሚያፋጥኑና ልንከላከላቸው ከምንችላቸው ምክንያቶች መካከል አስቀምጦታል።

የዓለም የመስማት ቀን በዓድዋ ድል በዓል ማግስት፣ የካቲት 24 ቀን ይውላል። እስከዚያ ግን አትጠብቁ፤ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ፈትኑ። የምትጠረጥሩት ሰው ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ አንዱን ጆሮውን በጣቱ ይድፈን። ከኋላው በአንድ ክንድ ርቀት ቆማችሁ ትንፋሻችሁን አውጥታችሁ ሦስት ቁጥሮች አንሾካሹኩ። ካልመለሰ ሌላ ሦስት ቁጥር ጨምሩ። ከስድስቱ ሦስቱን እንኳ ካልመለሰ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ሪፈር ጽፈው ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይልኩታል። ሁለቱንም ጆሮ ለየብቻ ፈትኑ።

ስትሄዱም ብቻውን አትላኩት። አባቴ መጀመሪያ ብቻውን የሄደ ቀን ካርድ አውጥቶ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ተራ ጠብቆ ነበር። ነርሷ ከበሩ ሆና ሦስት ጊዜ ስሙን ጠርታ፣ መልስ ስታጣ ካርዱን ከሥር አድርጋ ቀጣዩን አስገባች። እሱ ከበሩ አራት እርምጃ ርቀት ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ስሙ የሚጠራበትን ሰዓት ይጠብቅ ነበር።