ሁለት ሃምስተር፦ አንድ ቤት ወይስ ሁለት?

ልጆች አንድ ሃምስተር ሊገዙ ሄደው ሁለት ካልያዝን አንመለስም ይላሉ። «ብቻዋን ይደብራታል» ሲሉ ወላጅም ይረታል። ቡና እንኳ ብቻውን በማይጠጣበት ቤት ላደገ ሰው ብቸኝነት ቅጣት ነው። ለሃምስተር ግን እንደዚያ አይደለም። አንዳንድ ድንክ ሃምስተሮች አብረው መኖር ይችላሉ፤ አብሮ መኖር የግድ የሚያስፈልገው ግን የለም። ስለዚህ «ብቻውን ይከፋው ይሆን?» ከማለት «ሌላውን ይታገሠው ይሆን?» ብሎ መነሳት ይሻላል።

በመጀመሪያ ዝርያውን ይለዩ። ሱቅ ውስጥ «ድንክ» ተብለው የሚሸጡት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሮቦሮቭስኪ ከሁሉ ያንሳል፤ ክብደቱ ከ20 እስከ 25 ግራም ገደማ ነው። ከዓይኑ በላይ ነጭ ምልክት አለው፣ ጀርባው ላይ ግን መስመር የለውም። የሞንጎሊያና የሰሜን ቻይና አሸዋማ ምድር ተወላጅ ሲሆን፣ አብሮ የመኖር ዕድሉ ከሌሎቹ የተሻለ ነው። ካምቤልና የሳይቤሪያው ዊንተር ኋይት በተፈጥሮ መልካቸው ጀርባቸው ላይ ጠቆር ያለ መስመር አላቸው፤ እነዚህ ብዙ ጊዜ ይጣላሉ። የካምቤል አባት ሴቷ ስትወልድ አጠገቧ ሆኖ ይረዳታል። ይህን የሰሙ «ማኅበራዊ ናቸው» ይላሉ፤ ነገር ግን ይህ የወንድና የሴት ጥንድ ጠባይ እንጂ ለሁለት ወንድሞች ዋስትና አይሆንም። ረዘም ያለ ጭራ ያለውን የቻይና ሃምስተርና ትልቁን የሶሪያ ሃምስተር ያለ ክርክር ለየብቻ ያኑሩ። ዝርያ ከዝርያ አይቀላቅሉ።

ቀጥሎ የመጡበትን ይጠይቁ። አብረው እንዲኖሩ የሚሞከሩት አንድ ዝርያና አንድ ጾታ ሆነው፣ በአንድ ጊዜ ከአንዲት እናት ተወልደው፣ ከዚያም አንድ ቀን እንኳ ሳይለያዩ ያደጉ ብቻ ናቸው። ሁለት የማይተዋወቁ ጎልማሶችን ማገናኘት ብዙውን ጊዜ በደም ያልቃል። ጾታቸውን ደግሞ ራስዎ ያረጋግጡ። በሽንት መውጫውና በፊንጢጣው መካከል ያለው ርቀት በሴቷ ጠባብ፣ በወንዱ ሰፊ ነው። ካልለየልዎ የእንስሳት ሐኪም ያሳዩ። ድንክ ሃምስተር ካረገዘች በሦስት ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፤ በወለደችበት ቀን እንደገና ልታረግዝም ትችላለች።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ግን ይህን ነው፦ ሁለተኛውን ቤት አስቀድመው ይግዙ። እኛ አልገዛንም ነበር። ሻጩ «እህትማማቾች ናቸው፣ አይጣሉም» ብሎን ሁለት ካምቤል አመጣን። ለሁለት ወር ያህል ተቃቅፈው ይተኙ ነበር። አንድ ጠዋት ግን አንዷ መቀመጫዋ ላይ ተነክሳ፣ ጥግ ይዛ ስትንቀጠቀጥ አገኘናት። መለያ ቤት ስላልነበረን ሌሊቱን በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አደረች። ያንን ሌሊት እስካሁን እጸጸትበታለሁ።

አብረው የሚኖሩበት ቤት ወለሉ ቢያንስ 100 በ50 ሴንቲ ሜትር፣ ፎቅ የሌለው ይሁን። ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ያስፈልጋል፦ መሮጫ፣ የውሃ ጡጦ፣ መደበቂያ። መደበቂያው ሁለት በር ይኑረው፤ አንድ በር ብቻ ካለው የምትባረረዋ መውጫ ታጣለች። ቱቦም ለዚሁ ነው የማይመከረው። ምግቡን በሳህን ከማቅረብ ጉዝጓዙ ላይ በትነው ይስጡ፤ ያኔ አንዷ ሳህኑን ተቆጣጥራ ሌላዋን አታስርብም። ሲያጸዱ ከአሮጌው ጉዝጓዝ ጥቂት ያስቀሩ፤ ሽታቸው በሙሉ ከጠፋ ግዛቱን እንደ አዲስ ይሻማሉ።

በሳምንት አንድ ቀን ሁለቱንም በወጥ ቤት ሚዛን መዝነው ይጻፉ። ድብድቡ የሚካሄደው ሌሊት፣ እርስዎ ተኝተው ሳሉ ስለሆነ፣ ዓይን ያላየውን ሚዛን ይናገራል። አንዷ እየከሳች ሌላዋ ከወፈረች አብሮነቱ አላማረም ማለት ነው። አልፎ አልፎ ጮኸው ቢሯሯጡና ወዲያው ቢረሱት አያስደነግጥም። ሁልጊዜ አንዷ አሳዳጅ፣ ሌላዋ ተሳዳጅ ከሆነች፣ ወይም ተለያይተው መተኛት ከጀመሩ ግን ቁስል እስኪታይ አይጠብቁ፤ ይለያዩዋቸው።

ተያይዘው ሲንከባለሉ ካገኟቸው ባዶ እጅዎን አያስገቡ። ወፍራም ካርቶን በመካከላቸው ያስገቡ ወይም ፎጣ ጣል ያድርጉባቸው። የተነከሰችውን ሐኪም ይያት፤ ትንሽ ንክሻ ከፀጉር ሥር ሊመግል ይችላል። ደም ከታየ በኋላ መለያየቱ ለዘለቄታው ነው። ልጆቹ «ይቅር ተባብለው ይሆናል» ብለው ቢለምኑም እሺ አይበሉ።

ሰላም የሰፈነበት ጥንድም ቢሆን አንዷ ቀድማ ትሞታለች፤ ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት አካባቢ ነውና። ያኔ ለቀረችው አዲስ ጓደኛ አያምጡ። ቤቷን ሳይቀይሩ፣ ጉዝጓዟን ጠለቅ አድርገው፣ የምትቆፍረውና የምትሮጥበት ሳያጓድሉ ብቻዋን ያኑሯት።