ዜናው የቱ ጋ አለቀ፣ ግምቱስ የቱ ጋ ጀመረ?

ዛሬ ዋጋ ከመለጠፌ በፊት ትምህርት ቢጤ ልጻፍ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ይሄ ዜና እውነት ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል። የሚላክልኝ ጽሑፍ ግን አብዛኛው ግማሹ ዜና፣ ግማሹ የጸሐፊው ሐሳብ ነው። እውነት ነው ወይም ውሸት ነው ብዬ በአንድ ቃል መመለስ አልችልም።

ከራሴ ልጀምር። መስከረም 2015 ላይ የኒውዮርክ አረቢካ በፓውንድ ከ2 ዶላር በላይ ነበር። አንድ ቦታ «3 ዶላር መግባቱ አይቀርም» የሚል አነበብኩና ደሎ መና ላሉ አንድ አቅራቢ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ጀንፈሉን አይልቀቁት፣ ዜናው ጥሩ ነው» አልኳቸው። ዜና ብዬ ነው የነገርኳቸው፣ ልብ በሉ። ጥር ላይ ኒውዮርክ ከ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። ጎባ ሲመጡ ሻይ ይዘን ተቀመጥን፤ «ልጄ፣ ያ 3 ዶላር የት ቀረ? ሳነቴ ላይ ጭጋግ ያዘው እንዴ?» አሉኝ። ሳቅን። የሳቸው ኪስ ግን አልሳቀም፣ የኔም ኮሚሽን እንደዚያው።

በኋላ ያንን ጽሑፍ ፈልጌ ደግሜ አነበብኩት። ውሸት አላገኘሁበትም። ሰውየው ግምቱን ነው የጻፈው። ዜና ያደረግኩት እኔ ነኝ።

አሁን እስቲ አንድ ምሳሌ እንበትን። ይሄን እኔ ነኝ ያቀናበርኩት፣ ግን በ2013 ክረምት ይዞሩ የነበሩትን ይመስላል፦

«በብራዚል በደረሰው አስደንጋጭ ውርጭ ምክንያት የቡና ዋጋ ሰማይ ነካ። ባለሙያዎች እንደሚሉት ገና ይጨምራል። ብልህ ነጋዴ አሁን አይሸጥም።»

«ውርጭ ደረሰ» የሚለው ሊጣራ የሚችል ነገር ነው። ሐምሌ 13 ቀን 2013 በብራዚል ሚናስ ጌራይስና አካባቢው ውርጭ ቡናውን መታው፤ ቀኑም ቦታውም ይታወቃል። «አስደንጋጭ» ግን የጸሐፊው ስሜት ነው፤ ለብራዚል ገበሬ አስደንጋጭ፣ እዚህ ቡና ይዞ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ የምሥራች ሊሆን ይችላል። «ሰማይ ነካ» ምንም አይነግረንም። በዚያ ሰሞን ኒውዮርክ በፓውንድ 2 ዶላር አልፎ ከ2014 (በፈረንጆቹ) ወዲህ ያልታየ ዋጋ ላይ ደረሰ ቢል ኖሮ ቁጥር ይሆንልን ነበር።

«ባለሙያዎች እንደሚሉት» ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። አንድ ባለሙያ እንዲህ ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያለው ነገር ግን ገና ያልሆነ ነገር ነው። መናገሩ ዜና ነው፣ የተናገረው ግምት ነው። ስሙ ካልተጠቀሰ ደግሞ መናገሩንም ማጣራት አንችልም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በቃ ምክር ነው። ምክር የሚሰጥ ሰው መጋዘኑ ውስጥ ምን እንዳለ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አሁን በጣም ረቂቅ ወደሆነችው ቃል ልምጣ፦ «ምክንያት»። ውርጩ አለ፣ የዋጋው ጭማሪ አለ፤ ሁለቱን የሚያያይዘው ቃል ግን የጸሐፊው ፍርድ ነው። በውርጩ ጊዜ ማያያዣው ጠንካራ ነበር፣ አልክድም። በየዕለቱ የሚወጡ ማብራሪያዎች ላይ ግን ዋጋው ትንሽ ሲንቀሳቀስ አንድ ምክንያት ይፈለግለታል፤ ዛሬ ዝናብ፣ ነገ ዶላር፣ ከነገ ወዲያ የመጋዘን ክምችት። እኔም አደርገዋለሁ።

የ«ምክንያት» ወንድም «ስለዚህ» ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ከ70 ብር አለፈ። ይሄ ተጣርቷል። «ስለዚህ የገበሬው ዋጋ በዚያው ልክ ይጨምራል» የሚለው ግን መደምደሚያ ነው። በመሃል ላኪው የገባው ውል አለ፣ ትራንስፖርት አለ፣ የባንክ ብድር አለ።

ስንዴም ላይ ያው ነው። ሐምሌ 10 ቀን 2015 ሩሲያ ከጥቁር ባሕር የእህል ስምምነት ወጣች። ሮቤ ገበያ ውስጥ ወዲያው «ስንዴ ሊወደድ ነው» ተባለ። ቺካጎ ላይ ለጥቂት ቀን ጨመረ፤ ነሐሴ ሳያልቅ ግን ከስምምነቱ መፍረስ በፊት ከነበረበትም ወረደ። በዚያ ላይ የሲናናና የአጋርፋ ስንዴ አብዛኛው የሚሄደው አገር ውስጥ ዱቄት ፋብሪካ ነው፤ ከቺካጎ ጋር በቀጥታ አልታሰረም።

አንዳንዴ ደግሞ ዜናው ትክክል ሆኖ ለኛ ሳይተረጎም ይቀራል። የካቲት 2017 አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር አለፈ፤ እውነት ነው። አንድ ኪሎ 2.2046 ፓውንድ፣ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ፤ 4 ዶላር ማለት በፈረሱላ ወደ 150 ዶላር ይመጣል። አንዳንድ ገበሬ ይሄን አስልቶ በጀንፈሉ ላይ ጠየቀ። ያ ዋጋ ግን የተፈለፈለ፣ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ የታጠበ ቡና መነሻ ነው። ጀንፈል ሲፈለፈል በግምት ግማሹ ገለባ ነው። ከሐረና ጫካ በሪራ አድርጎ ጎባ ለመድረስ የሚወጣው ወጪም ገና አልተቀነሰም። ዩኒየኖች ይሄን ስሌት ስብሰባ ላይ አንዴ በሰሌዳ ቢያሳዩ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

«አውሮፓ ቡናችንን ከለከለ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ሕጉ በ2023 (በፈረንጆቹ) የጸደቀ ነው። ቡናው ከታኅሣሥ 2020 (በፈረንጆቹ) በኋላ ከተመነጠረ ጫካ እንዳልመጣ ማስረጃና የማሳውን መገኛ ይጠይቃል። መጀመሪያ የተያዘለት ቀን ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ነበር፣ ተራዘመ። «ከለከለ» የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ ያለውን ሳይሆን የጸሐፊውን ፍርሃት ነው የሚነግረን። ለሐረና ቡና ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፤ የጫካ ቡና ማሳውን ለክቶ ማስመዝገብ ከባድ ነው።

ግምት አያስፈልግም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። 20 ዓመት ሮቤ ገበያ የቆየ ሰው «ዘንድሮ ገብስ ይጎድላል» ቢለኝ እሰማዋለሁ። ግምቱን ግምት ብሎ እንዲነግረኝ ብቻ ነው የምፈልገው።

ከነገ ጀምሮ በዚህ ቻናል ዋጋውን ቀኑንና ገበያውን ጠቅሼ ለብቻው እለጥፋለሁ። የኔን ሐሳብ ከሥሩ «ግምት» ብዬ ለይቼ እጽፋለሁ። ስለ ሸቀጡ ስጽፍ እጄ ላይ ካለም እናገራለሁ። እንግዲህ ዛሬውኑ ልናገር፦ 60 ኩንታል የቢራ ገብስ ይዣለሁ። ገብስ ይጨምራል ብዬ ስጽፍ ይሄን አስባችሁ አንብቡ።

የሮቤ ስንዴና ገብስ ዋጋ ከሰዓት በኋላ ይለጠፋል።