የኃይሌና የቀነኒሳ ዘመን በምን ይመዘን?

ኃይሌ ገብረሥላሴና ቀነኒሳ በቀለ ሁለቱም የአርሲ ልጆች ናቸው። ኃይሌ በ1973 በአሰላ፣ ቀነኒሳ በ1982 በበቆጂ ተወለዱ። ሁለቱም በዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ሥልጠና ስር አልፈው የ10 ሺህ ሜትርን ሩጫ በየተራ ገዝተዋል። ከሁለቱ የማን የሩጫ ዘመን ይበልጣል የሚለው ክርክር በአዲስ አበባ ሰፈሮች እስከ ዛሬ አልበረደም። የሚከተለው ምልልስ በልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ አትሌቲክስን ለረጅም ዘመን በተከታተሉ አዛውንትና ቅርጫት ኳስ በሚጫወት ወጣት መካከል የሚካሄድ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ እኛ ቅርጫት ኳስ ላይ ቲም ደንከንና ኬቪን ጋርኔት ከተነሱ ክርክሩ ማብቂያ የለውም። ደንከን ከሳን አንቶኒዮ ጋር 5 ጊዜ ዋንጫ በላ፤ ጋርኔት በ2008 ከቦስተን ጋር አንድ ጊዜ ብቻ። አንዱ «5 ከ1 ይበልጣል» ይላል፤ ሌላው «ጋርኔት በሚኒሶታ ሳለ ከጎኑ ማን ነበረው?» ይላል። ሩጫ ላይስ እንዴት ነው የሚመዝኑት?

አዛውንቱ፦ ሩጫ ላይ ይቀላል፤ የምታስበውን ያህል ግን አይደለም። ዋንጫ የቡድን ነው፣ ከጎንህ ማን ተሰለፈ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተለዋል። ሜዳሊያ ሯጩ በራሱ እግር የሚያመጣው ነው። ስለዚህ ከሜዳሊያው እንጀምር። ኃይሌ በ10 ሺህ ሜትር ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ አለው፤ አትላንታ 1996ና ሲድኒ 2000። በዓለም ሻምፒዮና ከ1993 እስከ 1999 በተከታታይ አራት ጊዜ አሸነፈ። ቀነኒሳ አቴንስ 2004 ላይ 10 ሺውን፣ ቤጂንግ 2008 ላይ ደግሞ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ወሰደ። ሁለቱን ርቀት በአንድ ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ ያሸነፈ ወንድ፣ ከምሩፅ ይፍጠር የሞስኮ 1980 ድል ወዲህ አልነበረም። በዓለም ሻምፒዮናም እንደ ኃይሌ አራት ጊዜ በ10 ሺህ አሸንፎ፣ በርሊን 2009 ላይ 5 ሺውን ጨመረበት።

ወጣቱ፦ እንግዲያ በሜዳሊያ ቀነኒሳ ነው፤ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው።

አዛውንቱ፦ አላለቀም፣ ልጄ። ሜዳሊያ ቆጥረህ ብቻ ከሄድክ የተፎካካሪውን ክብደት ትረሳለህ። ኃይሌ በሲድኒ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሴኮንድ ነው። 25 ዙር ተሮጦ ልዩነቱ አንድ እርምጃ አይሞላም። ቴርጋት በአገር አቋራጭ የዓለም ሻምፒዮና አምስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ፣ የ10 ሺህን ክብረ ወሰን ከኃይሌ ጋር የተቀባበለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ባላንጣ በየውድድሩ ከጎንህ እያለ በ10 ሺህ ሜትር ለሰባት ዓመት አለመሸነፍ በቁጥር ብቻ አይገለጥም።

ወጣቱ፦ ክብረ ወሰኖቹስ? እዚያ ላይ ሰዓቱ ራሱ ይናገራል።

አዛውንቱ፦ ይናገራል፤ ግን ሁለት ነገር ነው የሚናገረው፣ ሁለቱንም መስማት አለብህ። አንደኛው ሯጩ ወሰኑን ምን ያህል ገፋው የሚል ነው። በ1995 የ5 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን 12 ደቂቃ ከ55.30 ነበር፤ የኬንያዊው ሞሰስ ኪፕታኑይ። ኃይሌ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ዙሪክ ላይ 12:44.39 ገባ። ወደ 11 ሴኮንድ የሚጠጋ በአንድ ምሽት! በመም ሩጫ ሰዎች የሴኮንድ ሽራፊ ለመቀነስ ዓመታት ይለፋሉ። እስከ 1998 ድረስ 5 ሺውን 12:39.36፣ 10 ሺውን 26:22.75 አደረሳቸው። በሩጫ ዘመኑ በልዩ ልዩ ርቀት 27 ክብረ ወሰን ይቆጠርለታል።

ሁለተኛው፣ የተሰበረው ወሰን ስንት ጊዜ ቆየ የሚለው ነው። ቀነኒሳ በ2004 ሄንግሎ ላይ 5 ሺውን 12:37.35 ሮጠ፤ በ2005 ብራሰልስ ላይ 10 ሺውን 26:17.53። ከኃይሌ ሰዓት የቀነሰው በ5 ሺህ ሁለት ሴኮንድ፣ በ10 ሺህ አምስት ሴኮንድ ግድም ነው። ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ግን ከዚያ በኋላ ለ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ማንም አልደረሰበትም። በ2020 ዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ ሁለቱንም ሲሰብር፣ ከመሙ ዳር ፍጥነት የሚያሳዩ መብራቶች ነበሩት፤ የጫማውም ሥራ በቀነኒሳ ጊዜ ከነበረው ተለውጦ ነበር። ቀነኒሳ እንዲህ ያለ መብራት አላየም።

ወጣቱ፦ ፊት ለፊት ሲገናኙስ ማን ያሸንፍ ነበር?

አዛውንቱ፦ በትልልቆቹ መድረኮች ቀነኒሳ። ፓሪስ 2003 የዓለም ሻምፒዮና ላይ ኢትዮጵያውያን ከአንድ እስከ ሦስት ገቡ፤ ቀነኒሳ በ26:49.57፣ ኃይሌ ከ1.2 ሴኮንድ በኋላ፣ ስለሺ ስህን ሦስተኛ። የሩጫውን ሁለተኛ አጋማሽ ከ13 ደቂቃ በታች ነው የጨረሱት፤ ከታዩት የ10 ሺህ ውድድሮች ሁሉ ያን ያህል የሚያኮራ ጥቂት ነው። አቴንስ ላይ ኃይሌ ጅማቱን እያመመው አምስተኛ ወጣ፣ ቤጂንግ ላይ ስድስተኛ። ግን የዘጠኝ ዓመት ልዩነት አለ። በፓሪስ ኃይሌ 30 ዓመት ሞልቶት ነበር፣ ቀነኒሳ 21። ይህን ድል ቀነኒሳ ይበልጣል ለማለት ብቻውን ማስረጃ ማድረግ ፍርድ ማጣመም ነው።

ወጣቱ፦ ኃይሌ የሌለው፣ ቀነኒሳ ብቻ ያለው ነገር አለ?

አዛውንቱ፦ አገር አቋራጭ! ዛሬ የሚገባውን ያህል የማይነገርለት ይህ ነው። የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በዚያን ጊዜ አጭሩን 4 ኪሎ ሜትርና ረጅሙን 12 ኪሎ ሜትር በተከታታይ ቀናት ያካሂድ ነበር። አጭሩ የፈጣኖች ነው፣ ረጅሙ የታጋሾች። በአንድ ሻምፒዮና ሁለቱንም ያሸነፈ ወንድ ከቀነኒሳ በፊት የለም። እሱ ከ2002 እስከ 2006 አምስት ዓመት ሙሉ ሁለቱንም ወሰደ። ከእነዚህ አንዱ፣ የ2005ቱ፣ እጮኛው አትሌት ዓለም ተጫለ ካረፈች ሦስት ወር ሳይሞላ የተገኘ ነው። በ2008 ኤደንብራ ላይ ረጅሙን ደግሞ ሲያሸንፍ በአዋቂዎች ደረጃ የግል ወርቁ 11 ሆነ። ኃይሌ በዚህ መድረክ በ1994 ካገኘው ነሐስ አላለፈም። በጭቃና በዳገት ላይ ቀነኒሳን የሚያህል አልተፈጠረም።

ወጣቱ፦ ማራቶንስ?

አዛውንቱ፦ ኃይሌ በርሊንን በተከታታይ አራት ጊዜ አሸነፈ፤ በ2008 በ2:03:59 ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቀነኒሳ በ2019 እዚያው በርሊን 2:01:41 ገባ፤ በጊዜው ከነበረው የኬንያዊው ኪፕቾጌ ክብረ ወሰን በሁለት ሴኮንድ ብቻ ተበለጠ። በ2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ ሁለተኛ ወጣ። በፍጥነት ቀነኒሳ፣ በድል ብዛት ኃይሌ።

ወጣቱ፦ እስካሁን ከሰማሁት ሚዛኑ ወደ ቀነኒሳ ያደላል።

አዛውንቱ፦ ሯጭነቱን ብቻ ብትጠይቀኝ አዎ፣ ቀነኒሳ ነው፤ ይህን ለመናገር አላመነታም። ዘመናቸው ሲመዘን ግን ተጽዕኖውም ይታያል። ኢትዮጵያ በ1984ና በ1988 ኦሎምፒክ አልተካፈለችም። የምሩፅ ወርቅ ለ16 ዓመት ወራሽ ሳያገኝ የቆየው እስከ አትላንታ ነው። በሴቶች ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና 1992 ላይ በሩን ከፈተች፤ በወንዶች ኃይሌ። ከእሱ በኋላ የአርሲ ልጅ ሩጫ ኑሮ እንደሚሆን በዓይኑ አየ። በ2001 እሱ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በመስቀል አደባባይ ሲጀመር ሩጫ ከሻምፒዮኖች እጅ ወጥቶ የሠራተኛውም፣ የተማሪውም፣ የእናቶችም ሆነ። ኃይሌ ከ2016 እስከ 2018 ፌዴሬሽኑንም መርቷል። ቀነኒሳም ሱሉልታ ላይ የራሱን መም ሠርቷል፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ የሚደርሰው ግን ለአትሌቶች ነው።

ወጣቱ፦ አንድ ስም ብቻ ይጥሩ ቢባሉስ?

አዛውንቱ፦ ኃይሌ እላለሁ። ቀነኒሳ ያሳደደውን ሰዓት ያስቀመጠው እሱ ነው፤ ሰኔ 1998 ላይ 10 ሺህ ሜትርን 26:22.75 ሲሮጥ ቀነኒሳ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር።