የወደቀው ክር ሁልጊዜ አጥፊው አይደለም

ለአንድ የሙቀት ስርጭት ስሌት የጻፍነው ፕሮግራም ስድስት ሰዓት ከሠራ በኋላ በድንገት ተቋረጠ። በስክሪኑ ላይ የቀረልን «ሴግሜንቴሽን ፎልት» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። እንደ ገና ብናስጀምረው ያለ ችግር ተፈጸመ። ፕሮግራሙ በአራት ክሮች፣ በተለምዶ ትሬድ በምንላቸው፣ የሚሠራ ነበርና የክሮቹ መቀዳደም በየጊዜው ይለያያል፤ ስህተቱም አንዴ ታይቶ አንዴ ይሰወራል። እንዲህ ያለው ስህተት በደንብ የሚመረመረው የውድቀቱ ቅጽበት ተቀርጾ ከቀረ ነው።

ሥርዓተ ክወናው ይህን ቅጽበት የሚያስቀምጥበት ፋይል ኮር ይባላል። ስሙ የተወረሰው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በኮምፒውተር ማህደረ ትውስታነት ካገለገሉት ጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ነው፤ ቀለበቶቹ ቢቀሩም ስሙ ኖሯል።

የአንድ ፕሮግራም ክሮች ማህደረ ትውስታውን በጋራ ይጠቀማሉ። ለእያንዳንዱ የተለየው የራሱ ስታክና የሬጅስተሮቹ ይዘት ነው። በሊኑክስ አንዱ ክር ያልተፈቀደለትን አድራሻ ሲነካ፣ ከርነሉ አስቀድሞ ሌሎቹን ክሮች ሁሉ ያስቆማል። እነርሱ እየሠሩ ማህደረ ትውስታው ቢገለበጥ የፋይሉ መጀመሪያና መጨረሻ የተለያየ ጊዜ ይዘት ይሆን ነበር፤ ፎቶግራፍ የሚነሳ ሰው ሲንቀሳቀስ ምስሉ እንደሚደበዝዝ ማለት ነው። ሁሉም ከቆሙ በኋላ የጋራው ማህደረ ትውስታ አንድ ጊዜ፣ ሬጅስተሮቹ ግን ለየክሩ ለብቻ ይጻፋሉ፤ የወደቀው ክር መዝገብ ከሌሎቹ ይቀድማል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ከወጣው ከርነል 2.6 በፊት ሊኑክስ እያንዳንዱን ክር እንደ ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ይቆጥር ስለነበር፣ ኮር ፋይሉ የወደቀውን ክር ሬጅስተሮች ብቻ ይይዝ ነበር። በእኛ እምነት ይህ ከባድ ጉድለት ነበር፤ ምክንያቱን የራሳችን ስሌት ያሳያል።

በመጀመሪያው ውድቀት ኮር ፋይል አላገኘንም፤ በማሽናችን ላይ የተፈቀደው የፋይሉ መጠን ዜሮ ነበርና። «ዩሊሚት» በተባለው ትእዛዝ ወሰኑን አንሥተን ፕሮግራሙን ደጋግመን አስኬድነው፤ በሦስተኛው ቀን ወደቀ። ፋይሉን በጂዲቢ ከፍተን የወደቀውን ሦስተኛውን ክር መረመርን። ኮዱ እንከን አልተገኘበትም፤ ከሠንጠረዡ አንድ ቁጥር ሲያነብ ነበር የወደቀው። የአራቱንም ክሮች የጥሪ ሰንሰለት ስናወጣ ግን፣ አንደኛው ክር ሥራው ያለቀ መስሎት ያንኑ ሠንጠረዥ ከማህደረ ትውስታ በመልቀቅ ላይ ሳለ ተገኘ። ከመልቀቁ በፊት ሌሎቹ እስኪጨርሱ እንዲጠብቅ ኮዱን አስተካከልን።