ከትምህርት ቤት ግቢ ስለሚወጣው ውሃና ጥራጊ

ልጆች ሆይ፤ ሰው በሚኖርበት ስፍራ ሁሉ ምልክቱን ይተዋል። ትምህርት ቤትም እንደዚሁ ነው፤ ውሃ ያፈሳል፥ ጥራጊም ያወጣል። ይህም ከአጥሩ ውጭ ያለውን ጎረቤት የሚጠቅም ወይም የሚጐዳ ስለ ሆነ፥ ተማሪ ሁሉ ሊመረምረው ይገባል።

መጀመሪያ፤ ስለ ዝናም ውሃ። ሺንሺቾ ያለችበት የከምባታ አገር ኰረብታማና ሕዝብ የበዛበት ነው፤ የገበሬውም እርሻ ጠባብ ነው። ለምሳሌ፥ የአንድ ትምህርት ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ የሚከድነው መሬት ርዝመቱ 20 ሜትር፥ ወርዱ 8 ሜትር ቢሆን፥ ስፋቱ 160 ካሬ ሜትር ይሆናል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም አንድ ሊትር ነውና፥ 10 ሚሊ ሜትር የዘነመ እንደ ሆነ ከዚያ ጣሪያ 1,600 ሊትር ውሃ ይወርዳል፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 80 ጊዜ የሚሞላ ነው። ይህ ውሃ መሄጃ ካልተበጀለት፥ አፈሩን እየጠረገ ከታች ወዳለው ጎረቤት የእንሰት ጓሮ ይወርዳል፤ የቦረቦረውም ስፍራ ከዓመት ወደ ዓመት ገደል ይሆናል። ነገር ግን በአሸንዳ ተቀብለው በበርሜል ቢያጠራቅሙት ለእጅ መታጠቢያና ለችግኝ ይሆናል። ለተረፈው ውሃ ደግሞ በተዳፋቱ ላይ እርከን ሠርተው በጫፉ ደሾ ሣር ቢተክሉ፥ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፥ ሣሩም ለከብት መኖ ይሆናል።

ሁለተኛ፤ ስለ ጥራጊ። ተማሪዎች አንድ ሳምንት ሙሉ የግቢውን ጥራጊ በየቀኑ በሦስት ይለዩ፤ የሚበሰብሰውን፥ ዳግመኛ የሚያገለግለውን፥ ፌስታልና ሌላውን ፕላስቲክ። ብዛቱንም በደብተር ይጻፉ። ቅጠልና የምግብ ትራፊ በጕድጓድ ቢከማች ብስባሽ ይሆናል። ፌስታል ግን በቶሎ አይበሰብስም፤ ከብት ቢበላው ሆዱን ዘግቶ ሊገድለው ይችላል፤ ቢቃጠልም ጢሱ ሰውን ይጐዳል። ስለዚህ መንግሥት በ1999 ዓ.ም. ስሱን ፌስታል በአዋጅ ከለከለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ክልከላውን አጠበቀ። የእንሰት አገር ልጅ ምሳውን በኮባ ጠቅልሎ ቢመጣ፥ መጠቅለያው ራሱ ብስባሽ ይሆንለታል።

ሦስተኛ፤ ስለ ዛፍ። በጎረቤት አገር በወላይታ፥ በሁምቦ፥ ኰረብታው ተራቍቶ ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ገበሬዎቹ ተባብረው 2,700 ሄክታር ያህል መሬት ከከብትና ከምሳር ከለሉ፤ በመሬት ውስጥ የቀረውም ጕቶ ዳግመኛ አቈጠቈጠ። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት፥ መትከል ብቻ ሳይሆን ያለውን መጠበቅም ሥራ መሆኑ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደ ተባለ፥ ሥራው ለየክፍሉ ቢከፈል ማንንም አይከብድም።

ጥያቄ።
1ኛ፤ የትምህርት ቤታችሁ ጣሪያ የሚከድነው መሬት ስፋቱ ስንት ነው? 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንም ስንት ሊትር ይወርዳል?
2ኛ፤ አንድ በርሜል 200 ሊትር ቢይዝ፥ ለ1,600 ሊትር ስንት በርሜል ያስፈልጋል?
3ኛ፤ ውሃው ከግቢው ሲወጣ በማን እርሻ ያልፋል? ሄዳችሁ ባለቤቱን በአክብሮት ጠይቁ፤ የነገራችሁንም ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አምጡ።