ከምድር ውስጥ የሚወጣው ጋዝና የጕድጓድ ቆፋሪው ጥንቃቄ

በጅቡቲ ከተማ ከሚገኙት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ የታነጹት ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ ነው። ከተማዋ ከቆመችባቸው አምባዎችም ዋና ዋናዎቹ የዚሁ ድንጋይ ንጣፍ ናቸው። በዚህ ድንጋይ ስባሪ ላይ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ ቢንጠባጠብ ወዲያው አረፋ ይነሣል። አረፋው የሚነሣው በድንጋዩ ውስጥ ታስሮ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ስለሚለቀቅ ነው። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ሰውና እንስሳ ሲተነፍሱ የሚያወጡት፤ አትክልትም ምግቡን ለማዘጋጀት ከአየር የሚስበው ይኸው ነው። ስለዚህ ያለ እርሱ እርሻ የለም። ነገር ግን መውጫ በሌለው ስፍራ ሲከማች ነፍስ ያጠፋልና ጠባዩን ማወቅ ለገበሬውም ለከብት አርቢውም ያስፈልጋል።

ጋዙ ከየት ይመጣል?

ከጅቡቲ ከተማ ወደ ምዕራብ አርታን አልፎ የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ የጉቤትን ባሕረ ሰላጤ፣ ቀጥሎም ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የአሳልን ሐይቅ ያገኛል። በዚህ ስፍራ የምድር ቅርፊት ተሰንጥቆ ግራና ቀኙ በየዓመቱ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ይራራቃል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በኅዳር ወር 1978 ዓ.ም. በጉቤትና በአሳል መካከል አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አንድ ሳምንት ያህል የቀለጠ ድንጋይ ሲያፈስ ሰንብቷል።

የቀለጠው ድንጋይ በጥልቅ ሳለ ከላዩ ያለው ክብደት ስለሚጫነው ጋዙን በውስጡ አሟሙቶ ይይዛል። ወደ ላይ ሲወጣና ጫናው ሲቀንስለት ግን ጋዙ ይለየዋል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ክዳኑ ሲነሣ የሚፈላው በዚሁ ሕግ ነው፤ የአምቦ ምንጭ ራሱም ከምድር የሚፈልቀው ይህንኑ ጋዝ ይዞ ነው። እሳተ ገሞራ ከሚያወጣው ጋዝ የሚበዛው የውሃ እንፋሎት ሲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከተለዋል።

ጋዙ የሚወጣው ግን ተራራ ሲፈነዳ ብቻ አይደለም። በፍል ውሃ፣ በመሬት ስንጥቅና በአፈሩ ቀዳዳ ሁሉ ሌሊትና ቀን ይወጣል። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ ባለው በአሉቶ ተራራ የተደረገ ጥናት በቀን ከ250 እስከ 500 ቶን የሚገመት ጋዝ እንደሚወጣ አመልክቷል። ይህ ብዙ ይመስላል። ይሁን እንጂ የዓለም እሳተ ገሞራዎች ሁሉ በዓመት የሚያወጡት ቢደመር ግማሽ ቢሊዮን ቶን አይሞላም ተብሎ ሲገመት፤ የሰው ልጅ ከሰል፣ የነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ በማቃጠል የሚያወጣው ከ35 ቢሊዮን ቶን ይበልጣል። ስለዚህ በዘመናችን ለታየው የምድር ሙቀት መጨመር ተጠያቂው እሳተ ገሞራ አይደለም።

አደጋው ምንድን ነው?

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተራው አየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል። ስለሆነም ነፋስ በሌለበት ጊዜ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርድና በጕድጓድና በዋሻ ይተኛል። የዚህን ጠባይ ክፋት ዓለም የተረዳው በካሜሩን አገር በደረሰው መከራ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነሐሴ 21 ቀን 1986 ዓ.ም. ማታ፤ ከምድር ውስጥ ወጥቶ በኒዮስ ሐይቅ ታች ተሟሙቶ የኖረው ጋዝ በድንገት ገንፍሎ በሸለቆዎቹ ወረደ፤ 1,700 ያህል ሰዎችና 3,500 ያህል ከብቶችም ሞቱ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ጋዙ ቀስ በቀስ እንዲወጣ ወደ ሐይቁ ታች ረጅም ቧንቧ ተተክሏል።

የሐረርጌ ገበሬም ይህን ጠባይ በሌላ መንገድ ያውቀዋል። ማሽላ በመሬት ውስጥ ጕድጓድ ተከድኖ ሲቀመጥ እህሉ ራሱ እየተነፈሰ ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ጕድጓዱ እንደ ተከፈተ መግባት ለሞት ያበቃል፤ ብልህ ገበሬም ነፋስ እስኪገባበት ድረስ ይጠብቃል።

በተራው አየር ውስጥ ይህ ጋዝ ከ10,000 እጅ አራት እጅ ያህል ብቻ ነው። ከ100 እጅ አምስት እጅ ሲደርስ ትንፋሽ ያፈጥናል፤ ራስ ያሳምማል፤ ያዞራል። አሥር እጅ ሲሆን ሰውን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱን ያስታል።

ምን ማድረግ ይገባል?

እንደ አምቡሊ ባሉት የጅቡቲ የአትክልት ቦታዎች፣ በበረሃውም በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጕድጓድ የሚጠርግ ወይም የሚያጠልቅ ሰው የሚከተሉትን ይጠብቅ፦

1ኛ/ ተከድኖ የቆየ ጕድጓድ አስቀድሞ ይከፈት፤ በማራገቢያና በቧንቧ ንጹሕ አየር እስከ ታች ይንፋበት። መሣሪያው ካልተገኘ ቅጠላም ቅርንጫፍ በገመድ ታስሮ ደጋግሞ ይውረድ፤ ይውጣ፤ ይህ ግን አየሩን ጥቂት ከማነቃነቅ በቀር ዋስትና አይሆንም።

2ኛ/ የጋዝ መለኪያ መሣሪያ ካለ ጕድጓዱ በእርሱ ይፈተን። በድሮ ልማድ ፋኖስ ማውረድ በቂ አይደለም፤ ፋኖሱ ከጠፋ መግባት ክልክል መሆኑን ያስታውቃል፤ ሳይጠፋ ቢቀር ግን ለጤና የሚጎዳ ጋዝ የለም ማለት አይደለም። የሚቀጣጠል ጋዝ ካለም እሳቱ ራሱ አደጋ ያመጣል።

3ኛ/ የሚወርደው ሰው በብብቱ ሥር በጠንካራ ገመድ ይታሰር፤ ገመዱንም ሁለት ሰዎች ከላይ ይያዙ፤ ሳያቋርጡም ያነጋግሩት። መልሱ ከዘገየ ወዲያው ይሳቡት።

4ኛ/ በነዳጅ የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ሞተር ወደ ጕድጓድ አይውረድ፤ ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሌላ ገዳይ ጋዝ አለበትና።

5ኛ/ ከብት ጠባቂ በፍል ውሃና በእንፋሎት መውጫ አቅራቢያ ባለ ጎድጓዳ ስፍራ አይተኛ፤ ከብቱንም አያሳድር። የሞቱ ወፎችና ትንንሽ አራዊት የሚታዩበትን ስፍራ ፈጥኖ ይልቀቅ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ ግን ይህ ነው፤ አንድ ሰው ጕድጓድ ውስጥ ቢወድቅ ወንድሙ ወይም ጓደኛው ሊያወጣው ተከትሎ አይግባ። በእንዲህ ያለ አደጋ ከመጀመሪያው ሰው ይልቅ ለማዳን ተከታትለው የሚገቡት የሚበዙበት ጊዜ አለ። የሚያድነው አስቀድሞ የታሰረው ገመድና ከላይ የቆመው ሰው ክንድ ነው። ገመዱ ሳይታሰር ቀርቶ ከሆነም አየር እየነፉ የመተንፈሻ መሣሪያ ያላቸውን የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥራት ይገባል።